ቦርጭን በሆድ እንቅስቃሴ ብቻ ማጥፋት ይቻላልን?

ጎሕ ሲቀድ በከተሞቻችን አስፋልት ዳር የሚሮጡ፣ በየሜዳው በጀርባቸው ተንጋልለው ደረታቸውን ወደ ጉልበታቸው የሚያነሡ ወጣቶችን ማየት ተለምዷል። የብዙዎቹ ምኞት “ሲክስ ፓክ” የሚባለውን፣ በሆድ ላይ ተደርድሮ የሚታይ ጡንቻ ማውጣት ነው። ከወራት በኋላ ግን ከፊሎቹ “በየቀኑ መቶ ጊዜ ብሠራም ቦርጩ ንቅንቅ አላለም” ብለው ይተዉታል።

ይህ የስንፍና ውጤት አይደለም። የሚፈለገው ጡንቻ አስቀድሞም በቦታው አለ። ከደረት አጥንት ግርጌ አንሥቶ በእምብርት ግራና ቀኝ ቁልቁል የሚወርደው ረጅም ጡንቻ በሁሉም ሰው ሆድ ላይ ይገኛል፤ አግድም የሚያልፉ ጠንካራ ጅማቶችም እንደ እርከን ይከፋፍሉታል። የማይታየው ከቆዳ ሥር የተኛ ስብ ስለሚሸፍነው ነው። የእርከኖቹ ብዛት በተፈጥሮ የሚወሰን በመሆኑ ስፖርት አይጨምረውም።

ሰውነት ስብን ለኃይል ሲጠቀም ከመላው አካል ያነሣል እንጂ በሚሠራው ጡንቻ ላይ ያለውን መርጦ አይወስድም። የሆድ እንቅስቃሴ ጡንቻውን ያጠነክራል፤ ሽፋኑን ግን አይገፍም። ሽፋኑ የሚሳሳው ከማዕድ የሚገባው ኃይል በሥራ ከሚወጣው ሲያንስ ነው። በገበያ የሚሸጡ የወገብ መቀነቶችና ላብ አስወጪ ልብሶች የሚቀንሱት ውኃን ነው፤ ውኃው ሲጠጡ ይመለሳል።

አርሶ አደሩ ይህን ስሌት በኑሮው ያውቀዋል። ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲያጭድ የሚውል ሰው ቦርጭ የሚያወጣበት ጊዜ የለውም። ልጁ ከተማ ገብቶ ወንበር ላይ የሚያውል ሥራ ሲይዝ ግን ማዕዱ እንደነበረ ይቆያል፤ ድካሙ ብቻ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይቀነስ? ብዙዎች በእንጀራ ላይ ለመፍረድ ይቸኩላሉ። እኛ ግን በቅድሚያ ሻዩን እንመልከተው። በስኒ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየጨመረ በቀን አራት ስኒ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ያህል ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከሚያስቀምጠው 50 ግራም ገደማ የቀን ጣሪያ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ለስላሳ መጠጥና ቢራ ሲታከሉ ደግሞ ይታሰብ። በጾም ወራትም ቢሆን ወጡ ላይ የሚፈሰው ዘይት ሊረሳ አይገባም፤ አንዱ የሾርባ ማንኪያ 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና አተር በአንጻሩ ረሃብን ያስታግሣሉ፤ በፕሮቲናቸውም ክብደት ሲቀንስ ጡንቻ አብሮ እንዳይሟሽሽ ያግዛሉ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ግራም መቀነስ በቂ ነው።

ለእንቅስቃሴም ውድ ጂም የግድ አያስፈልግም። ድርጅቱ ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃን የመሰለ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። በክርንና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ መቆየት ለሆድና ለወገብ ጡንቻ ይበጃል።

የተደረደረ ሆድ ባይወጣ ጉዳት የለውም። ሴቶች ስብን ከመጠን በላይ ሲቀንሱ እንዲያውም የወር አበባቸው ሊዛባ ይችላል። አሳሳቢው በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ውስጣዊ ስብ ነው፤ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል። ቦርጭ የድሎት ምልክት ተደርጎ መታየቱ በዚህ ረገድ ብዙ ሰው አዘናግቷል። በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ትንፋሽዎን አውጥተው፣ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ይለኩ። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ አደጋው መጨመር ይጀምራል፤ ከ102 እና ከ88 በላይ ደግሞ በእጅጉ ይጨምራል።

የተነፋ ሆድ ሁሉ ግን ቦርጭ አይደለም። እጅና እግር እየከሳ ሆድ ብቻ የሚያብጥ ከሆነ ውኃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በጣና ዙሪያ የሚገኘው ቢልሃርዚያም ጉበትን ጎድቶ ይህን ያስከትላል። ሸክም ሲያነሡ ወይም ሲያስሉ በብሽሽት ወይም በእምብርት በኩል የሚወጣ፣ ሲተኙ የሚመለስ እብጠት ያለው ሰው፣ እንዲሁም ከወለደች በኋላ የሆዷ ጡንቻ መሐል ለመሐል የተከፈተባት እናት፣ የሆድ እንቅስቃሴ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ሕመምና ማስመለስ ከታከለበት ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።