ከኮምፓክት ወደ ዲኤስኤልአር መቼ እንሻገር?

ማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሯጮችን የምታነሱ ወጣቶች «ኮምፓክቴን ትቼ ዲኤስኤልአር ልግዛ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱን የሚወስነው የምታነሱት ነገር ነው።

1. የሚንቀሳቀስ ነገር ታነሳላችሁ? ግዙ። በብዙ ኮምፓክት ካሜራዎች ፎከሱ እስኪይዝ ሯጩ ከፍሬሙ ይወጣል። ዲኤስኤልአር ፈጥኖ ይይዛል። ሹተሩን 1/1000 ሰከንድ ላይ ብታደርጉት ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት የተነሱበትን ቅጽበት፣ ከጫማው የሚረጨው ጭቃ ሳይቀር፣ ጥርት አድርጎ ያስቀርላችኋል።

2. ብርሃን ባነሰበት ትሠራላችሁ? ግዙ። የተለመደው የኮምፓክት ሴንሰር 6 በ4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የጀማሪ ዲኤስኤልአር ደግሞ 22 በ15 ገደማ። በስፋት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የማታ ሰርግ ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

3. በቀን ብርሃን የቤተሰብ ማስታወሻ ብቻ ነው? አትግዙ። ያላችሁ ይበቃል።

ከገዛችሁ ብሩን ሁሉ ቦዲው ላይ አትጨርሱት፤ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ በአነስተኛ ዋጋ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ያገለገለ ከሆነ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቁ፤ ሌንሱንም ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ሻጋታ እንደሌለው እዩ። ካኖንና ኒኮን ትኩረታቸውን ወደ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራዎች አዙረዋል፤ ሆኖም የዲኤስኤልአር ሌንሶቻችሁ በአዳፕተር ነገም ይሠራሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ተከራይታችሁ ሥሩበት። ፎቶዎቹን ከድሮዎቹ ጋር አስተያዩና ወስኑ።