የአንድ ሰዓት በረራ ስንት ሰዓት ነው?

ከጅግጅጋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ አይደለም። በካራማራ ተራራ፥ በባቢሌ፥ በሐረር፥ በጭሮና በአዋሽ አልፎ በመኪና ለሚጓዝ ሰው መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሌሊት ተነሥቶ ሙሉ ቀን መጓዝን ይጠይቃል። አይሮፕላን ግን ተራራውንና ጠመዝማዛውን ሁሉ ትቶ በቀጥታ ስለሚሄድ፥ የሚያቋርጠው 450 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በረራውም አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ይህ «አንድ ሰዓት» የሚባለው ቃል ግን ብዙ ሰው ያታልላል። እኛንም አታሎናል።

በቶጎ ውጫሌ በማስተማር ሥራ ላይ ሳለን፥ ያሳደጉን አጎታችን በአዲስ አበባ ማረፋቸውን አንድ ማታ በስልክ ሰማን። ቀብራቸው በማግሥቱ በ9 ሰዓት ነበር። አይሮፕላኑ ጧት በ4 ሰዓት ስለሚነሣ፥ «በረራው አንድ ሰዓት ነው፤ እንደርሳለን» ብለን ተጽናንተን ተኛን። በማግሥቱ ከቤት የወጣነው በ2 ሰዓት ነው። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል መኖሩን፥ በየመንገዱም ፍተሻ መኖሩን በሒሳባችን አላስገባንም። ከአይሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ የመንገደኞች ምዝገባ ተዘግቶ ነበር። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነው። በከሰዓት በኋላው በረራ ሄደን ስንደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ፥ ለቀስተኛው ከድንኳን ተቀምጦ አገኘነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዞን የምንቈጥረው ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ነው። ከጅግጅጋ ከተማ የሚነሣ ሰው እንኳ፥ ወደ ማረፊያው መሄጃውን፥ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘቱን፥ በረራውን፥ ዕቃ መረከቡንና የአዲስ አበባን የመኪና ጭንቅንቅ ቢደምር፥ አንዱ ሰዓት አምስት ሰዓት ያህል ይሆናል።

ይህም የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ ያለው በረራ እንደዚሁ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሆኖም በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ፈጣን ባቡር 515 ኪሎ ሜትሩን ዛሬ በሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚጨርስ ሲሆን፥ ብዙ መንገደኛ የሚመርጠው ባቡሩን ነው። ምክንያቱም ባቡሩ ከከተማ መካከል ተነሥቶ ከከተማ መካከል ያደርሳልና ነው።

አባቶቻችን ይህን መንገድ በበቅሎ ቀን እየቈጠሩ ይሄዱት ነበር። ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም የተመሠረተው በ1938 ዓ.ም. ነው። መንገዱ አጠረልን፤ ነገር ግን ማጠሩ ቸልተኞች አድርጎን እንዳይሆን ያስፈራል።

ስለዚህ አስቸኳይ ጉዞ የሚገጥመው ቤተ ሰብ ሦስት ነገር ያስብ። በመጀመሪያ፥ በቲኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አይርሳ፤ 10 ሰዓት የተባለው የእኛ ጧት 4 ሰዓት ነው። ሁለተኛ፥ ከጅግጅጋ ውጭ ያለ ሰው ቢቻል ዋዜማውን ከተማ ገብቶ ይደር። ሦስተኛ፥ ለለቅሶ የሚጠራም ሰው መርዶውን ሲነግር መንገደኛው ከየት እንደሚነሣ አስቦ የቀብሩን ሰዓት ይወስን። ሐዘንተኛን የሚያጽናናው በጊዜው የደረሰ ወገን ነውና።