ጃኖ ባንድ፦ ሮክ በአማርኛ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የገዛ ሰው ጃኖን ያውቀዋል፤ ቀይ ጥለት ያለው፣ ድሮ መኳንንቱ የሚለብሱት። እኛ የጉለሌ ልጆች ግን ጃኖ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብን ጊታር ነው።

ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን «ኤርታሌ»ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ያኔ በአማርኛ ሮክ የሚጫወት ባንድ ብርቅ ነበር፤ «ይሄ የፈረንጅ ጩኸት ነው» የሚልም አይጠፋም (ዛሬም አለ)። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ላስዌል ለሞተርሄድም ለኸርቢ ሀንኮክም የሰራ ሰው ነው። የጂጂን የ2001 አልበም ፕሮዲውስ ያደረገውም እሱ ስለሆነ የኛ ዜማ አዲሱ አልነበረም።

ግን ሮክና የኛ ዜማ እንዴት ተስማሙ? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፦ አራቱም ቅኝቶች በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት። የሮክ አባት የሚባለው ብሉዝም አምስት ድምፅ ያለው ስኬል ይወዳል። ሌላም ነገር አለ። ጊታር ላይ ዲስቶርሽን ሲበዛ ሙሉ ኮርድ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ሮከሮች ሁለት ድምፅ ብቻ ያለውን «ፓወር ኮርድ» ይመታሉ። ኮርዱ ባዶ ሲሆን ቅኝቱን የሚወስነው ዘፋኙ ይሆናል። አማርኛው ፈረንጅኛ ሳይመስል የሚቀረው ለዚህ ይመስለናል።

ኢሞ የምትሰሙ ልጆች ይሄን ያዙልን። ኢሞ የተወለደው በ1980ዎቹ አጋማሽ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው፣ አዎ፣ የሀበሾቹ ዲሲ። ፓንኮች ጩኸታቸው ላይ የራሳቸውን ሀዘን ሲጨምሩበት የመጣ ነው። እኛ ጋ ሀዘኑ ድሮም ነበር፤ ትዝታ እያለን ማን ያስተምረናል? የጎደለው ጩኸቱ ነበር። ጃኖ ኢሞ ነው እያልን አይደለም፤ በሩን ግን ከፍተውታል።

ታዲያ ለምን ብዙ ጃኖ አላየንም? ሂሳቡን እንስራው። ከፊት አራት ድምፃውያን፦ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሄዋን ገብረወልድ፣ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ። ከኋላ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራም። አንድ ሰርግ ላይ አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ዘፋኝ ስራውን ይጨርሱታል። ባንድ ግን የልምምድ ቤት ይፈልጋል፣ ሳውንድ ሲስተም ይፈልጋል፣ የምታገኘው ብርም ለሁሉም ትካፈላለች። ጊታር የያዘ ልጅ ሰፈራችን ውስጥ ሞልቷል፤ ድራም የሚያስቀምጥበት ክፍል ያለው ግን የለም።

ሁለተኛው አልበማቸው «ለራስህ ነው» የወጣው በ2018 ነው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ። አዲስ ከሆናችሁ በ«ኤርታሌ» ጀምሩ። በስልካችሁ ስፒከር ግን አትስሙት፤ ቤዙን ይበላዋል። ኢርፎን አድርጉ።