የካናዳ የትዳር ማመልከቻ፤ ከፊርማው በፊት ሒሳቡን ማየት

ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ባንክ በኤል.ሲ. የሚከፍለው ዕቃውን አይቶ ሳይሆን ሰነዱን አይቶ ነው። ዕቃው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ኢንቮይሱ ከመጫኛ ሰነዱ ጋር ካልተስማማ ክፍያው ይያዛል። ካናዳ የሚኖር ሰው አገር ቤት ያለ የትዳር ጓደኛውን ለመውሰድ የሚያቀርበው ማመልከቻም የሚመረመረው በዚሁ ዓይን ነው። ውሳኔ የሚሰጠው የኢሚግሬሽን ሹም ሠርጉ ላይ አልነበረም፤ ሽማግሌ ሲላክም አላየም። የሚያውቀው ፊቱ የተቀመጠውን ፋይል ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተል ቁም ነገር አለ። የጎደለ ወረቀት ፋይሉን ያስመልሳል፤ ተሟልቶ እንደገና ይገባል። እርስ በርሱ የሚጣረስ ወረቀት ግን ጥርጣሬ ይወልዳል። በጥርጣሬ የወደቀ ፋይል ደግሞ ጊዜም፣ ገንዘብም፣ አንዳንዴም ትዳሩን ይበላል። ስለዚህ አመልካቾች ከሁሉ በፊት ሊጨነቁበት የሚገባው ሰነድ በማብዛት ሳይሆን ሰነዶቹን በማስማማት ነው።

ስፖንሰር ማለት ዋስ ማለት ነው

በእኛ አገር ስፖንሰር ሲባል ቲኬት የሚልክ ወይም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ይመስላል። በካናዳ ሕግ ግን ስፖንሰር ለመንግሥት ግዴታ የሚፈርም ዋስ ነው። ለትዳር ጓደኛ የሚፈረመው ግዴታ የሚቆየው የመጣው ሰው ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለ3 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የመጣው ሰው የመንግሥት ማኅበራዊ ድጎማ ቢወስድ ገንዘቡ ከስፖንሰሩ ይጠየቃል። ስፖንሰሩ ሥራ ቢፈታም፣ ባልና ሚስቱ ቢፋቱም ግዴታው አይነሣም።

ነገሩ በፍርድ ቤትም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማቪ በተባለው መዝገብ፣ ዘመዶቻቸውን አስመጥተው የድጎማ ዕዳ የተጠየቁ 8 ስፖንሰሮችን ጉዳይ አይቷል። ፍርድ ቤቱ መንግሥት የስፖንሰሩን ችግር ተመልክቶ የአከፋፈሉን ጊዜ ሊያዘገይ ይችላል እንጂ ዕዳውን ሊምር አይችልም ሲል ወስኗል። ለባንክ ብድር ዋስ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የኩቤክ ክፍለ ሀገር ግዴታውን በራሱ አሠራር ስለሚያስፈርም እዚያ የሚኖር ስፖንሰር ተጨማሪ ደረጃ አለበት።

ማን መፈረም ይችላል?

ስፖንሰሩ 18 ዓመት የሞላው የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበት። ዜጋ ከሆነ ከካናዳ ውጭ ሆኖም ማመልከት ይችላል፤ የትዳር ጓደኛው ሲፈቀድለት ካናዳ ገብቶ እንደሚኖር ግን ማስረዳት አለበት። ቋሚ ነዋሪ ከሆነ ካናዳ ውስጥ መኖር ግዴታው ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ንግዱን እያንቀሳቀሰ ሚስቱን ስፖንሰር ላድርግ የሚል ቋሚ ነዋሪ ከመነሻው ይወድቃል።

የትዳር ጓደኛን ለማስመጣት በአብዛኛው የተወሰነ የገቢ መጠን አይጠየቅም። ነገር ግን ከአካል ጉዳት ውጭ በሆነ ምክንያት ማኅበራዊ ድጎማ የሚቀበል፣ ከኪሳራ አዋጅ ያልወጣ፣ ወይም ቀድሞ የፈረመው ግዴታ ዕዳ ያለበት ሰው መፈረም አይችልም። ሁለት ሌሎች እገዳዎችም አሉ። ራሱ በትዳር ስፖንሰርነት ካናዳ የገባ ሰው ቋሚ ነዋሪ ከሆነ 5 ዓመት ሳይሞላው ሌላ የትዳር ጓደኛ ማስመጣት አይፈቀድለትም። ከዚህ በፊት የትዳር ጓደኛ አስመጥቶ የተፋታም የቀድሞው የ3 ዓመት ግዴታ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይህንን መጠየቅ ነውር አይደለም።

በውክልና የተፈጸመ ጋብቻ

ጊዜ ያጠረው የውጭ አገር ነዋሪ «ወንድሜ ወክሎኝ ይፈርም» ሲል ይሰማል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከጁን 2015 ጀምሮ አንዱ ተጋቢ በአካል ሳይገኝ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመን ጋብቻ ለዚህ ዓይነቱ ማመልከቻ አትቀበልም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በመርሕ ተጋቢዎች ራሳቸው እንዲገኙ ነው የሚጠይቀው፤ ውክልና በልዩ ፈቃድ ብቻ የሚታይ ነው። ለአውሮፕላን ቲኬት የቆጠበ ሰው ማመልከቻውን በሙሉ ሊያጣ ነው ማለት ነው።

ቀን፣ ስምና የምስክር ወረቀት

ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካህ ወይም በባህል ቢፈጸምም በሕጉ መሠረት መመዝገብ አለበት። ችግሩ ብዙ ሰው ሠርጉን በጥር ደግሶ ወደ ወረዳ የሚሄደው ከወራት በኋላ መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ቀኖች ይፈጠራሉ፤ ጋብቻው የተፈጸመበትና የተመዘገበበት። ሚስት በቅጹ ላይ የመጀመሪያውን፣ ባል ሁለተኛውን ከጻፉ ሹሙ የሚያየው የተጋቡበትን ቀን የማያውቁ ባልና ሚስት ነው። ሁለቱም ቅጾች ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን ይጻፍ፤ የምዝገባው ቀን ለምን እንደዘገየ በአጭር ደብዳቤ ይብራራ።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ፈረንጆቹ ዓመት እስኪለውጡ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይሆናል። ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2023 ነው። በልማድ 7 ደምሮ 2022 ብሎ የጻፈ ሰው ሠርጉን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው። ስፖንሰሩ አገር ቤት የገባበት የፓስፖርት ማኅተም 2023 የሚል ከሆነ ደግሞ ያልነበረበት ሠርግ ላይ ተዳረ ማለት ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። በፓስፖርት፣ በልደት ምስክር ወረቀትና በጋብቻ ወረቀት ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ አንድ መሆኑ ይታይ። ካልሆነ ከማመልከቻው በፊት ይታረም፤ ካልታረመም ይብራራ። ሚስት የባሏን ስም የማትይዝበት ባህል እንዳለን፣ ሦስተኛው ስምም የአያት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑን በአንድ መስመር መግለጽ ጉዳት የለውም። የአማርኛ ሰነዶች ወደ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ መተርጎም አለባቸው፤ ተርጓሚው ግን የአመልካቹም ሆነ የስፖንሰሩ ዘመድ መሆን የለበትም።

ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ማሳየት

ሹሙ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። ጋብቻው እውነተኛ ነው? ሲመሠረትስ ዋናው ዓላማ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት ነበር? እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በተሻሻለው ደንብ ከሁለቱ በአንዱ መውደቅ በቂ ነው። ዛሬ ተዋደው የሚኖሩ ጥንዶች እንኳ መጀመሪያ የተጋቡት በዋናነት ለወረቀቱ ነው ከተባሉ ያድናቸዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ ማስረጃው ከሠርጉ ቀን ሳይሆን ከትውውቁ መጀመር አለበት።

ቅጹ እንዴት እንደተዋወቁ፣ ማን እንዳስተዋወቃቸው፣ ሠርጉ ላይ ማን እንደተገኘ፣ ቀድሞ ትዳር እንደነበራቸው ይጠይቃል። ሽማግሌ የተላከበት ቀን፣ ጥሎሽ፣ መልስ፣ እነዚህ ሁሉ በቀናቸው ቢጠቀሱ ታሪኩ መስመር ይይዛል። ሠርጉ በሐዘን ወይም በአቅም ምክንያት ያለ ድግስ ከሆነ ምክንያቱን መጻፍ ነው። ያላብራሩትን ነገር ሹሙ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። የሰነድ ዝርዝሩ ፎቶግራፍን በ20 ይገድባል፤ ስለዚህ አንድ ቀን በአንድ ልብስ ከተነሡት 20 ፎቶ በተለያየ ዓመት ከቤተሰብ ጋር የተነሡት 20 ይሻላሉ።

እዚህ ላይ የገበያ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ባልና ሚስት ተራርቀው ሲኖሩ ከጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ገንዘብ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የሕክምና፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የተላከበት ደረሰኝ። በባንክ ወይም በሕጋዊ አስተላላፊ የተላከ ገንዘብ ስም፣ ቀንና መጠን ያለው ወረቀት ይተዋል። በጥቁር ገበያ የተላከ ግን ጥቂት ብር ጨምሮ ይገባ እንደሆን እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በየወሩ ሚስቱን ሲረዳ የኖረ ሰው በፋይሉ ላይ አንድ ዶላር ያልላከ ሆኖ ይታያል።

ያልተጠቀሰ ልጅ

ከሁሉ የከፋው ስህተት ልጅን መደበቅ ነው። አመልካቹ ከቀድሞ ግንኙነት የወለደው ልጅ ካለ አብሮ ባይሄድም፣ ከእናቱ ጋር ቢኖርም፣ በቅጹ ላይ መመዝገብና መመርመር አለበት። ዕድሜው ከ22 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅ እንደ ጥገኛ ይቆጠራል። «አሁን ነገር እንዳይበዛ፣ በኋላ እናመጣዋለን» የሚለው ምክር ልጁን ያስቀራል። ያልተጠቀሰና ያልተመረመረ የቤተሰብ አባል በኋላ በቤተሰብ በኩል እንዳይገባ ደንቡ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለአንዳንዶች መውጫ የሚሰጥ ጊዜያዊ መመሪያ ወጥቷል፤ ነገር ግን በጊዜያዊ መመሪያ ላይ ልጅን ማስያዝ የሚመከር አይደለም። ከዚህም በላይ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት የ5 ዓመት እገዳ ያስከትላል።

ወጪው

እ.ኤ.አ. አፕሪል 30 ቀን 2024 የወጣው ተመን የሚከተለው ነበር። ለስፖንሰርነት 85፣ ለማመልከቻው ምርመራ 545፣ ለቋሚ ነዋሪነት መብት 575፣ ለጣት አሻራና ፎቶ 85 የካናዳ ዶላር፤ ድምሩ 1,290። ተመኑ በየሁለት ዓመቱ ስለሚከለስ በሚከፈልበት ቀን ያለውን ማረጋገጥ ያሻል። በዚህ ላይ የሕክምና ምርመራ፣ የትርጉምና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ወጪ ይጨመራል። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ለዓመታት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ከዚያ አገርም የፖሊስ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል ቀደም ብሎ ቢያስብበት ይበጀዋል።

ከዚህ ሒሳብ ውጭ የሚጠየቅ ገንዘብ የመንግሥት ሳይሆን የአገናኝ ነው። በካናዳ ሕግ በዚህ ጉዳይ ገንዘብ ተቀብሎ ማማከርና መወከል የሚችሉት ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች፣ የኩቤክ ኖታሪዎች፣ በኦንታሪዮ ፈቃድ ያላቸው ፓራሊጋሎችና እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ አባላት ናቸው። ስሙን በውክልና ቅጹ ላይ ለማስፈር የማይፈልግ ጉዳይ አስፈጻሚ ፋይሉ ሲበላሽ አይገኝም። በቅጹ ላይ የፈረመው አመልካች ግን ይገኛል። ማመልከቻው እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በኢንተርኔት የሚገባ በመሆኑም «ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለው ወሬ የሚያዋጣው ለተናጋሪው ብቻ ነው።

ሱቁን መቼ?

ማመልከቻ ገባ ብሎ ሱቅ የሸጠ፣ የኪራይ ውል ያፈረሰ፣ መኪና ያወጣ ነጋዴ ከሥራ ውጭ ሆኖ ረጅም ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ ነው። ንብረት መንካት የሚገባው ውሳኔው ታውቆ ፓስፖርት ሲጠየቅ ነው። ያኔም ቪዛው ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር ከሚያገለግለው የሕክምና ምርመራ ጋር ስለሚያያዝ ለመግቢያ የሚቀረው ጊዜ አጭር ሊሆን እንደሚችል ታስቦ፣ ለማን በውክልና እንደሚተው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ካናዳ ከገባ በኋላ ወደ ንግዱ ልመላለስ የሚልም ቋሚ ነዋሪ በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን እዚያ መኖር እንዳለበት ይወቅ። ካናዳዊ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛውን አጅቦ ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ ግን ሊታሰብለት ይችላል።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን፣ ከካናዳ ውጭ ላለ የትዳር ጓደኛ የቀረበ እስከሆነ ድረስ ስፖንሰሩ ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ክፍል ማመልከት ይችላል። ይግባኝ ግን ሌላ ጊዜና ሌላ ወጪ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ከመላኩ በፊት ባልና ሚስት አንድ ምሽት በስልክ ተገናኝተው ሁለቱን ቅጾች፣ ሁለቱን ፓስፖርቶችና የጋብቻ ወረቀቱን ጎን ለጎን ያንብቡ፤ ቀን ከቀን፣ ስም ከስም፣ ታሪክ ከታሪክ ያመሳክሩ። ለዚህ የሚከፈል አንድም ሳንቲም የለም።