የልጆች “ጓደኛ” ሮቦት፦ ዕቃው ይመሰገናል፣ ኩባንያው ይከስራል

ከልጆች ጋር እያወሩ ንግግርና መግባባት እንዲለምዱ፣ በሆዳቸው የያዙትን ጭንቀትም እንዲያወጡ ይረዳሉ የተባሉ ሮቦቶች በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ከወጡ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሸቀጡ ፈላጊ አላጣም፤ ተመራማሪዎችም በጎ ምስክርነት ሰጥተውታል። ይሁንና በዚሁ ጊዜ ውስጥ ስማቸው ገንኖ ከነበሩት አምራቾች መካከል ሦስቱ ከስረው ከገበያ ወጥተዋል። ስለዚህም ገዢውም ሆነ ገንዘቡን ሊያፈስስ ያሰበው ሰው መጠየቅ ያለበት “ሮቦቱ ይሠራል ወይ?” ብቻ ሳይሆን፣ “ሠሪው ልጁ እስኪያድግ ድረስ ይቆያል ወይ?” የሚለውንም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሞክሲ መርዶ

የቅርቡ ምሳሌ ሞክሲ ነው። በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በፓሳዴና ከተማ የተቋቋመው ኢምቦዲድ የተባለ ኩባንያ በ2020 ያስተዋወቀው ይህ ሮቦት ከ5 እስከ 10 ዓመት ለሆናቸው ልጆች የታሰበ ነበር። ልጁን በስሙ እየጠራ ያጫውተዋል፤ ሲከፋው ወይም ሲናደድ እንዴት እንደሚረጋጋ ያለማምደዋል። መጀመሪያ የተቆረጠለት ዋጋ 1,499 ዶላር ሲሆን፣ በ2024 ወደ 799 ዶላር ወርዶ ነበር። ገንዘብ ካዋጡለት መካከል የአማዞን፣ የሶኒ፣ የቶዮታና የኢንቴል የኢንቨስትመንት ክንፎች ይገኙበታል።

በዲሴምበር 2024 ኢምቦዲድ ለደንበኞቹ መርዶ ላከ። ሲደራደረው የነበረው ዋነኛ ባለገንዘብ በመጨረሻው ሰዓት ስላፈገፈገ ኩባንያው ሊዘጋ እንደሆነ፣ ሮቦቶቹም አብረው ሥራ እንደሚያቆሙ አስታወቀ። ወላጆች ነገሩን ለልጆቻቸው እንዴት ማስረዳት እንደሚችሉ የሚያግዝ ደብዳቤም አዘጋጀ። ባለ 799 ዶላሩን ዕቃ የገዛው ወላጅ ለልጁ የጓደኛ ስንብት ማርዳት ግድ ሆነበት።

ቴሌቪዥን የሠራው ፋብሪካ ቢዘጋ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። ሮቦቱ ለምን ይጠፋል? መልሱ አንጎሉ ያለው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። ልጁ የተናገረው ቃል በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ኮምፒውተሮች ይሄዳል፤ ምላሹ እዚያ ተቀነባብሮ ይመለሳል። ለኮምፒውተሮቹ አገልግሎት በየቀኑ የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ወላጁ ግን ከፍተኛውን ገንዘብ የከፈለው ሲገዛ፣ አንድ ጊዜ ነው። ልጁ ሮቦቱን ይበልጥ በወደደውና ብዙ ባወራው ቁጥር የኩባንያው ወጪ ይጨምራል። ደንበኛው በተደሰተ መጠን ሻጩ የሚጎዳበት ንግድ ብዙ አይራመድም። ለገዢውም ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል።

ማስረጃው አለ፣ አምራቹ ግን የለም

ዕቃው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ2018 የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸው 12 ልጆች ወደሚኖሩበት ቤት ሮቦት አስገብተው ለአንድ ወር፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል አብረውት እንዲሠሩ አድርገዋል። ልጆቹ ሰውን ዓይን ለዓይን በማየትና ከሌላ ሰው ጋር አንድን ነገር አብሮ በማስተዋል በኩል መሻሻል አሳይተዋል፤ መሻሻሉም ሮቦቱ በሌለበት፣ ከአዋቂዎች ጋር ሲሆኑ ጭምር የታየ ነበር። ሮቦቱ ከተነሳ ከ30 ቀን በኋላ ሲለኩ ግን ውጤቱ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ ለነጋዴ ትርጉም አለው፤ ጥቅሙ እንዲዘልቅ አገልግሎቱም መዝለቅ አለበት ማለት ነውና።

ለዚያ ጥናት ያገለገለው ሮቦት ጂቦ ይባላል። ኩባንያው በ2014 ለሕዝብ ባቀረበው የቅድሚያ ሽያጭ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ፣ ሮቦቱን ለገበያ ያደረሰው ግን በ2017 ነበር፤ ዋጋውም 899 ዶላር ነበር። ኩባንያው በ2018 ተዘጋ። በ2019 ሮቦቶቹ ራሳቸው ሰርቨሮቹ ሊዘጉ መሆኑን ተናግረው ባለቤቶቻቸውን ተሰናበቱ።

በ2022 ደግሞ የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን 28 ልጆች ስለ ስሜታቸው በሮቦት አማካይነት ጠይቀዋል። አንዳንዶቹ ልጆች በመጠይቅ ያልገለጹትን ለሮቦቱ ነግረውታል። ተመራማሪዎቹ ሮቦቱ ችግርን ቀድሞ ለማወቅ ያግዝ እንደሆነ እንጂ የሥነ ልቦና ባለሙያን እንደማይተካ አስገንዝበዋል።

ያ ሮቦት 58 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ናኦ ሲሆን፣ አምራቹ በ2005 በፓሪስ የተመሠረተው አልደባራን ነው። ኩባንያው በ2012 በጃፓኑ ሶፍትባንክ፣ በ2022 በጀርመኑ ዩናይትድ ሮቦቲክስ ግሩፕ እጅ ገብቶ፣ በ2025 ከሰረ። ዋና ዋና ንብረቱን የገዛው ማክስቪዥን የተባለ የቻይና ኩባንያ ነው።

የማይናገረው ቆየ

በአንጻሩ ፓሮ የተባለው የጃፓን ሮቦት ከ2005 ጀምሮ በገበያ ላይ ቆይቷል። የባሕር እንስሳ ግልገል መልክ ያለው ባለ ጸጉር ሮቦት ሲሆን፣ ሲዳስሱት ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ያሰማል፤ ንግግር ግን አያውቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 በሕክምና መሣሪያነት መዝግቦታል። ዋጋው 6,000 ዶላር አካባቢ የሚደርስ በመሆኑ ዋነኞቹ ደንበኞቹ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች ናቸው። ሥራውን የሚያከናውነው በራሱ ውስጥ ባለው መሣሪያ ስለሆነ ሰርቨር የሚባል የዘወትር ዕዳ የለበትም። በውድ የሚሸጥ፣ ለተቋም የሚሸጥ፣ ከተሸጠ በኋላም ሻጩን የማያስወጣ ዕቃ መሆኑ ሳያግዘው አልቀረም።

ገዢ ምን ይጠይቅ?

እንዲህ ያለውን ዕቃ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕክምና ማዕከል አስመጥቶ ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴ ከዋጋው በፊት ሊያጣራቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሮቦቱ ምን ያህል ይሠራል? የልጁ ንግግር የሚቀመጠው የት ነው? ኩባንያው ቢሸጥስ ማን ይወርሰዋል? የልጁን ቋንቋ ያውቃል ወይ? አማርኛ የማይሰማ ሮቦት አማርኛ ብቻ ለሚናገር ልጅ ከጌጥ አያልፍም።

አምራቹ ቢዘጋ ፕሮግራሙ ለገዢው እንዲለቀቅ በውል ማስገባትም ይቻላል። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። ኢምቦዲድ ከመርዶው በኋላ ባለቤቶች ሞክሲን በራሳቸው ኮምፒውተር እንዲያንቀሳቅሱት የሚያስችል ፕሮግራም ለቋል። ሐሳቡ የመጣው ኩባንያው ከወደቀ በኋላ ነበር፤ አስቀድሞ በሽያጭ ውሉ ላይ ቢሰፍር ኖሮ ግን ብዙ ወላጆች ያንን ደብዳቤ ለልጆቻቸው ማንበብ ባላስፈለጋቸው ነበር።