ከአራዳ ሱቆች እስከ አቃቂ ቃሊቲ፦ የንግድ ቤት መኖሪያ ሲሆን

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከሚኖሩት አዲስ አበቤዎች መካከል ቀላል የማይባሉት ከመሀል ከተማ የቀበሌ ቤት ለቀው የሄዱ ናቸው። የቀበሌ ቤት ሲባል ለብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የምትመጣለት ዝቅ ያለች የጭቃ ቤት ብትሆንም፣ በአራዳና በአካባቢው በዚህ ስም ከሚጠሩት ውስጥ ሱቅ፣ መጋዘንና የነጋዴ ጽሕፈት ቤት እንዲሆኑ ተገንብተው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የበርካታ ቤተሰብ ማደሪያ የሆኑ ፎቆችም ነበሩ።

የእነዚህ ሕንፃዎች ታሪክ ከአራዳ ገበያ ይጀምራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም የነበረው ይህ ገበያ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችን በዙሪያው ሰበሰበ፤ ከእነርሱም ስሙ የገነነው የሕንዶቹ የመሐመድአሊ ኩባንያ ሲሆን፣ በዚሁ ስም የሚጠራው ቤት ከከተማዪቱ ቀደምት የንግድ ሕንፃዎች ይቆጠራል። በዘመኑ የተለመደው አሠራር ምድር ቤቱን በድንጋይና በጭቃ ማያያዣ ገንብቶ ለሱቅና ለመጋዘን መተው፣ ፎቁን ደግሞ ከእንጨትና ከጭቃ ሠርቶ በጣውላ በረንዳ መክበብ ነበርና፣ ነጋዴው ከታች እየሸጠ ከላይ ይኖር ነበር። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና መስተዋት በብዛት ይመጣ ጀመር፤ ዛሬ የፋብሪካ መንደር ተብላ የምትታወቀው አቃቂም ከዋና ከተማዪቱ ግንባታ ጋር የተሳሰረችው ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ፤ የመሐመድአሊ ኩባንያም በወራሪው ትእዛዝ ከአገር ተባረረ። ይሁንና የሕንፃዎቹን ዕጣ ከሁሉ በላይ የለወጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ይህ አዋጅ የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቅዶ ከዚያ በላይ ያለውን «ትርፍ ቤት» በሚል ስም ወረሰ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚከራዩት ቤቶች ኪራይም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ይህ ለድኻው ታላቅ እፎይታ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን መለያው የኪራዩ መጠን እንጂ የሕንፃው ዓይነት ወይም ዕድሜ ስላልነበረ፣ የረጅም ዘመን ታሪክ ያለው የንግድ ቤትና ትናንት የተመረገ ጎጆ በአንድ መዝገብ ሰፈሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ መሐንዲስ የነደፈው ሳይሆን ተከራዩ እንደ አቅሙ የፈጠረው ነው። ለሸቀጥ ማከማቻ የታሰበ ክፍል ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ግን ጥቂት ወይም ከነጭራሹ የሌለ በመሆኑ፣ ቤተሰብ ሲገባበት ቁመቱ በጣውላ ለሁለት ተከፍሎ ላዩ ቆጥ ይሆናል፤ ልጆች ከቆጡ፣ ወላጆች ከሥሩ ይተኛሉ። ግድግዳ በሌለበት ኮምፔንሳቶ ይቆማል፤ የጣሪያውን አቧራ ለመከላከልም አቡጀዲ እንደ ኮርኒስ ይወጠራል። ነጋዴው ከፀሐይ ይጠለልበት የነበረው በረንዳ በላሜራ ታጥሮ የከሰል ምድጃ የሚቀጣጠልበት ማድ ቤት ይሆናል፤ መጸዳጃውና የውሃ ቧንቧው ደግሞ ከግቢው በአንድ ጥግ ሆነው ለሁሉም ያገለግላሉ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው አንድ ከሆነ ሒሳቡ በየወሩ በአባወራ ይከፋፈላል፤ ጭቅጭቅም፣ መተዛዘንም፣ ዕድርና ቡና መጠራራትም ከዚያው ይወለዳሉ።

እንዲህ ያለው ሕንፃ የሚጎዳው በአብዛኛው ከላይ ነው። አሸንዳው፣ ማለትም የጣሪያውን ውሃ ሰብስቦ የሚያወርደው ቦይ፣ ሲዝግና ሲበሳ የክረምቱ ውሃ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ድንጋዮቹን ያያያዘው ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልስና እየታጠበ ይወጣል፤ ድንጋዩም ቦታውን ይለቃል። በላዩ የተጨመሩት ክፍልፋዮችና የቤት ዕቃዎች የወለሉን አግዳሚ እንጨቶች ሲጫኗቸው ፎቁ መሐሉ ላይ ይረግባል። ሁለት ሉክ ቆርቆሮና አንድ አሸንዳ በጊዜው ቢቀየሩ የሚድን ቤት ነው፤ ነገር ግን ቀበሌው ይሰበስበው የነበረው ኪራይ ለጥገና አይበቃም ነበር፣ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይፈራል፣ ቢደፍርም ፈቃድ ያስፈልገዋል። የእነዚህን ሕንፃዎች መጎሳቆል የነዋሪዎቹ ግዴለሽነት አድርጎ መመልከት ስለዚህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በኒውዮርክ ሶሆ በሚባለው ሰፈርም ታሪኩ የጀመረው ከዚህ ብዙ በማይርቅ መንገድ ነበር፤ ፋብሪካና መጋዘን የነበሩ ፎቆች ባዶ ሲቀሩ ሠዓሊያን ያለፈቃድ ገብተው ኖሩባቸው። ልዩነቱ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ ነዋሪዎቹ እንዲቆዩ መብት ሰጥቶ፣ ባለንብረቶቹ ሕንፃዎቹን ከእሳትና ከመሳሰለው አደጋ የመጠበቂያ ደረጃ እንዲያሟሉላቸው ማስገደዱ ነው። አዲስ አበባ ነዋሪውን ቀድማ አስገብታ፣ የሕንፃውን ደኅንነት የሚመለከተውን ሁለተኛውን እርምጃ ሳትራመድ ቀረች።

ለጋራ ኑሮ የሚሆን ዝርዝር የሕግ መሠረት የመጣው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ሲሆን፣ በዚህም መሠረት ነዋሪው የክፍሉ ባለቤት፣ የደረጃውና የጣሪያው ደግሞ የጋራ ባለቤት ሆኖ በማኅበር ያስተዳድራል። አሮጌዎቹ የንግድ ቤቶች የጎደላቸው በትክክል ይህ ነበር፤ አዋጁ ግን በዋናነት ያገለገለው ለአዳዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ነው። በእነዚህም የአንዳንዶቹ ምድር ቤት ለሱቅ ተለይቶ በጨረታ ይሸጣል፣ ከላይ ደግሞ ይኖርበታል፤ የአራዳው ነጋዴ ያውቀው የነበረው አደረጃጀት በአርማታና በብሎኬት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ፣ በተከታዩም ዓመት በካዛንቺስ የኮሪደር ልማት ብዙ የቀበሌ ቤቶችን ሲያፈርስ፣ ከካዛንቺስ የተነሡት ብዙዎች በአቃቂ ቃሊቲ ገላን ጉራ ሰፈሩ። በመሀል ከተማ ገና ያልፈረሱት የድንጋይና የጣውላ ፎቆች አሸንዳቸው ተቀይሮ፣ አግዳሚያቸው ተደግፎ፣ ነዋሪዎቻቸውም በማኅበር ተደራጅተው ቢጠገኑ፣ ሕንፃውንም ሰውንም ባለበት ማቆየት ይቻላል።