ሳይጠየቁ ካርታ ውስጥ የገቡ አብያተ ክርስቲያናት

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 በአሜሪካ የሚገኙ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፋቸው ላይ ያልጠበቁት ሕዝብ አገኙ። ስልክ የያዙ ወጣቶች መጥተው ይቆማሉ፣ ጣታቸውን ጥቂት ያንቀሳቅሱና ይሄዳሉ። ፖክሞን ጎ የተባለውን የሞባይል ጨዋታ እየተጫወቱ ነበር።

የጨዋታው ሠሪ ናያንቲክ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ጆን ሃንኪ የካርታ ሰው ነው፤ ኪሆል የተባለው የቀድሞ ድርጅቱ በ2004 በጉግል ተገዝቶ ጉግል ኧርዝን አስገኝቷል። ናያንቲክም በ2010 እዚያው ጉግል ውስጥ ተጀምሮ በ2015 ራሱን ቻለ። (ስሙ በወርቅ ፍለጋው ዘመን ሳን ፍራንሲስኮ ደርሳ፣ በኋላ ከተማው በላይዋ ላይ ከተሠራባት መርከብ የተወሰደ ነው።)

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጨዋታ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱት ዓይነት አይደለም። ስልኩ ተጫዋቹ የት እንዳለ ከሳተላይት ይረዳል፤ ሰውየው በእግሩ ሲሄድ በካርታው ላይ ያለው ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ካሜራውን ሲከፍት ምናባዊ ፍጥረታት በእውነተኛው መንገድ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ለጨዋታው የሚያስፈልጉ ዕቃዎች የሚገኙት ግን በተመረጡ ቦታዎች ነው፦ ሐውልት፣ መናፈሻ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን።

ታዲያ ቦታዎቹን ማን መረጠ? ብዙዎቹ የመጡት ኩባንያው በ2012 ካወጣው ኢንግረስ ከተባለ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾች የየሰፈራቸውን ቦታ ፎቶ አንሥተው አቀረቡ፣ ኩባንያው አጸደቀ። የአጥቢያ ሽማግሌዎችን የጠየቀ አልነበረም። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ለእንግዶቹ ቀዝቃዛ ውኃና የስልክ ቻርጀር አቀረቡ፤ መልካም አደረጉ እላለሁ። ሁሉም ስፍራ ግን ለጨዋታ አይሆንም። በዋሽንግተን የሚገኘው የሆሎኮስት ሙዚየም ጎብኚዎች እዚያ እንዳይጫወቱ ለመለመን ተገዷል። በግል ቤታቸው አጠገብ ሰው የተሰበሰበባቸው ነዋሪዎችም ኩባንያውን ከሰሱ፤ በ2019 በተደረሰው ስምምነት ከመኖሪያ ቤት በ40 ሜትር ውስጥ ያለ ምልክት ባለቤቱ ሲጠይቅ እንዲነሣ ተወሰነ።

ካርታው ግን ከጨዋታው አልፎ ሄዷል። ናያንቲክ ተጫዋቾች በካሜራ የቀረጿቸውን ቦታዎች ተጠቅሞ ማሽኖች አካባቢን እንዲረዱ የሚያስችል ሞዴል እየሠራ መሆኑን በኅዳር 2024 አስታወቀ። በ2025 ፖክሞን ጎን ጨምሮ ዋና ጨዋታዎቹን ስኮፕሊ ለተባለ ኩባንያ በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ስኮፕሊ ንብረትነቱ የሳውዲ አረቢያ መንግሥት ፈንድ ነው። የካርታውን ሥራ ግን ሃንኪ አልሸጠውም። ናያንቲክ ስፓሻል በሚል ስም ይዞት ወጥቷል።